ለዕቃ ብቻ የሚከፈት ሊፍት

እናታችን ስትሞት ምላሷን ለእኔ፣ ትዕግሥቷን ለታናሽ እህቴ አውርሳ ነው የሄደችው። እኔ ትንሽ ነገር ካናደደኝ ሰፈሩ ይሰማዋል። እህቴ ግን ዝም ነው። የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ የልብስ ስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ናት፣ ከአጠገቧ ፍራሽ ላይ ልጇ በትራስ ተደግፋ ትተኛለች።

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አትቆምም፣ አትናገርም። አባቷ የሩቅ መንገድ ሾፌር ነው፣ ቤት የሚገኘው እንደ እንግዳ ነው። «እግሯ መሬት የማይነካ፣ ሰው የሚሸከማት፣ እቴጌ ካልሆነች ማን ናት?» ብሎ እቴጌ አላት፤ በዚያው ጸና። ስትስቅ ቤቱ ይሞላል።

እቴጌ በየሳምንቱ ፊዚዮቴራፒ ካልተሠራላት እግሯ ይኮማተራል። እስቲ ፍረዱኝ! የምንሄድበት ሆስፒታል የዓይን ክፍሉ ምድር ቤት፣ የጥርሱ ምድር ቤት፤ መራመድ የማይችሉ ልጆች የሚታከሙበት ግን ሦስተኛ ፎቅ! ይሄን ያሰበ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ምን እንዳለ አንድዬ ይወቅ። ሊፍት የለም እንዳትሉ፣ አለ። ተቆልፎ፣ ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ውስጥ።

«ለዕቃ ነው፣ እትዬ። ሰው ሲበዛበት ይበላሻል ተብሏል።»

ልጅቷ ትንሽ እያለች እህቴ አዝላ ታወጣት ነበር። እያደገች ስትሄድ ግን ከበደቻት፤ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ወደቀች። ልጇን አላስነካችም፣ የራሷ ወገብ ግን ተቀጨ። ሁለት ወር ጎንበስ ማለት አቃታት። እኔ ልሸከማት ብል፣ በዚህ ውፍረቴ ራሴን ከተሸከምኩ ትልቅ ነገር ነው። ቀጠሮው ሲያልፍ ሲያልፍ ከሆስፒታሉ ተደወለ፤ አሁንም ከቀራችሁ ተራው ለሌላ ልጅ ይሰጣል አሉን። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!

በቀጠሮው ቀን በታክሲ ሄድን። ዘበኛውን ለመንኩት፣ ከዚያ ጮህኩበት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። እዚያው እያለን ሁለት ሠራተኞች ፕላስቲኩ ያልተነሳለት ትልቅ የቆዳ ወንበር እየገፉ መጡ። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር አዲስ ወንበር ነው። ዘበኛው ሮጦ ሊፍቱን ከፈተ። ለወንበር ሮጠ! ቆሽቴ አረረ።

አፌን ከመክፈቴ እህቴ ተነሳች። በአንድ እጇ ወገቧን ይዛ፣ በሌላው እቴጌን ከተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ ጎትታ አቀፈቻት፤ ሄዳ የዳይሬክተሩ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ዘበኛው።

«ዕቃ አይደል የምትጭኑት? እሷንም እንደ ዕቃ ቁጠሯት።»

ሠራተኞቹ ተያዩ። ሸምገል ያለው፣ «በይ ልጄ፣ እንዳትወድቅ ደግፊያት» ብሎ ወንበሩን ወደ ሊፍቱ ገፋው። እኔም ሆዴን ሰብስቤ ገባሁ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሩ ሲከፈት ዳይሬክተሩ ወንበሩን ሊቀበል ቆሟል። እቴጌ በሊፍቱ ተደስታ ትፍለቀለቃለች፣ ለሃጯ ፕላስቲኩ ላይ ይንጠባጠባል። ሰውየው «ማናት?» እንኳን አላለም። «ምንድን ነው ይሄ?» አለ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሴ ከዳኝ።

«ልጄ ናት» አለች እህቴ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። «ቀጠሮዋ አሁን ነው። ከዚህ የምትነሳው ሊፍቱ ለእነዚህ ልጆች ሁሉ እንዲከፈት ሲያዙ ነው።»

ኮሪደሩ ላይ ልጆቻቸውን አዝለው ደረጃ የወጡ ወላጆች ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ጎረምሳ ልጁን የተሸከመ አባት፣ ሸሚዙ በላብ ርሶ፣ «እውነቷን ነው!» አለ። ሌሎቹም ቀረብ ቀረብ አሉ። ዳይሬክተሩ እነሱን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ ስልኩን አወጣ። «ከዛሬ ጀምሮ ሊፍቱን ክፈትላቸው» አለ ለዘበኛው። አለቀ። ስንት ዓመት ወገብ የቀጨው ነገር አንድ ስልክ ነበር!

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ሕክምና ክፍሉ ገባን። ፊዚዮቴራፒስቷ የእቴጌን ግራ እግር ዘረጋች፣ ተዘረጋ። ቀኙን ስትስብ ግማሽ ላይ ቆመ። ደግማ ስትሞክር ልጅቷ ጮኸች። ሴትዮዋ የልጅቷን ጉልበት ዳሰሰች።

«ከመቅረታችሁ በፊት ይሄ ሙሉ ለሙሉ ይዘረጋ ነበር» አለች።

«ይመለሳል?» አለች እህቴ።

«እንሞክራለን። እንደ ድሮው ግን... አይመስለኝም።»

እህቴ የልጇን ካልሲ መልሳ አጠለቀችላት። አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ስንመጣ ዘበኛው ገና ከበር ሲያየን ሊፍቱን ከፍቶ ጠበቀን። «ምነው እህቴ፣ ምስጋና እንኳን የለም?» አላት እየሳቀ።

እህቴ እቴጌን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገቻት።

«የልጄን ጉልበት ስትመልሱልኝ አመሰግናለሁ» ብላው ገባች።