ሚዛን ያላየው ወጥ

አጸደ የአክስቴ ልጅ ናት፤ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጣ ሠርግ ትደግሳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያት ስለምሠራ አመሏን አውቀዋለሁ። ለሁለት መቶ ሰው ደግሺ ስትባል ለአራት መቶ ትሠራለች። ጥፋቱም የእሷ ብቻ አይደለም። የእኛ ሰው ለሠርግ ሲጠራ "እመጣለሁ" ወይም "አልመጣም" ብሎ አይመልስም፤ ሲመጣም ሦስት ዘመድ አስከትሎ፣ እራቱ ሊነሳ ሲል ነው። በድግስ መሃል ወጥ አለቀ ከመባል መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች።

ባለፈው ሚያዝያ፣ ብዙውን ሥራዋን የምታገኝበት እዚሁ አቅራቢያችን ያለው የአሌክሳንድሪያ አዳራሽ አዲስ ደንብ አወጣ። ከየድግሱ በኋላ የሚጣለው ምግብ ይመዘናል፤ የሚጥለውን እስከ ጥቅምት በግማሽ ያልቀነሰ ደጋሽ ከዚያ በኋላ እዚያ አይሠራም። አዳራሹ ለዚህ ሥራ የመደባት ዲና እዚሁ አገር ያደገች ልጅ ናት።

"እትዬ አጸደ" አለቻት፣ ሚዛኑን ኩሽናው በር ላይ እያስቀመጠች፣ "ዌስቱን ሜዠር ካላደረግነው ሪዱስ ማድረግ አንችልም።"

"የእኔ ምግብ ቆሻሻ ተብሎ ሲመዘን ቆሜ አላይም" አለች አጸደ።

እውነትም አላየችም። በሚቀጥለው ሠርግ ዝማሬው ሳያልቅ የተረፈውን ሁሉ በፎይል ትሪ ሞላችና በር ላይ ቆማ ለሚወጣው ሰው ታስታቅፍ ጀመር። "በሞቴ ይያዙ" ስትል ማን እምቢ ይላታል? ሚዛኑ ላይ የወጣው ጥቂት አጥንትና የተጨማደደ ሶፍት ብቻ ነበር። ዲና በደስታ አቀፈቻት፤ እኔም በብልጠቷ ሳቅሁ።

ደስታችን አላደረም። በማግስቱ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቆሻሻ ልንጥል ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ ወጣን። ገንዳውን ስንከፍተው ትሪዎቿ ተደራርበው ተኝተዋል፤ የአብዛኞቹ ክዳን እንኳን አልተነሳም። ሽማግሌያችን ጋሽ ዓብዩ ከኋላችን ደረሱና ፊቷን አይተው አፈሩ።

"ልጄ፣ እምቢ ማለት ከበደን" አሏት። "የእኔ ፍሪጅ ሙሉ ነው። ሌላ ሰው ይበላዋል ብዬ ወደዚህ ይዤው መጣሁ። ለካ ሁሉም እንደ እኔ አስቦ ይዞ መጥቷል። ሌሊቱን መኪና ውስጥ ስላደረም ተበላሸ።"

አጸደ መኪና ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ፊቷን ጠርጋ ለዲና ደወለች።

"ያ የመዘንሽው ልክ አይደለም። ወጡ አልተበላም፤ ሌላ ገንዳ ውስጥ ነው የተጣለው።"

ዲናም መለሰችላት፤ "ኢትስ ኦኬ፣ እትዬ። ሪፖርቱን ፊክስ አደርገዋለሁ። ግን ለምንድነው እንደዚህ አብዝተው የሚሠሩት?"

"እንዳያልቅብኝ ነዋ።"

"ቢያልቅስ?"

አጸደ ስልኩን ዘጋችው። ጥያቄው ግን ሲከነክናት ሰነበተና መላ አመጣ። ቁሌቱን እንደ ልማዷ አብዝታ ታቁላላለች፤ የምንቸት አብሹን ሥጋ ግን ግማሹን ብቻ ትጨምራለች። ሌላው ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ እንግዳው ሲቀመጥ ታይቶ ይሠራል። ሳይነካ የተረፈ ቁሌት ፍሪዘር ገብቶ ለሚቀጥለው ሠርግ ይደርሳል። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ሠራን፤ ሚዛኑም በየሠርጉ እየወረደ ሄደ።

ጥቅምት ላይ የመጨረሻው የሚመዘን ሠርግ ደረሰ። ትሪው ተጠርጎ ከተነሳ በኋላ ከስፕሪንግፊልድ የሙሽራዋ ዘመዶች ሁለት ጠረጴዛ ሞልተው ገቡ። ጋሽ ዓብዩም መንገድ ሲያሳዩአቸው ቆይተው አብረዋቸው ነበሩ። የሙሽራዋ እናት ኩሽና መጥታ "አጸደ፣ አዋረድሽኝ" አለች።

አጸደ ፍሪጁን ከፈተች። "ሥጋውን ጨምሪ" አለችኝና ሽርጧን ፈታ ወደ እንግዶቹ ሄደች። በድግስ መሃል ከኩሽና ስትወጣ አይቻት አላውቅም። ተከትዬ በበሩ አየሁ።

"ወጡ አልቋል" አለቻቸው ፊት ለፊት። "ለእናንተ አሁን እየሠራሁ ነው፤ ጥቂት ታገሡኝ።"

መጀመሪያ የተናገሩት ጋሽ ዓብዩ ናቸው። "ከፍትፍቱ ፊቱ ነው ልጄ። እንጠብቃለን፤ አርፍደን የመጣነው እኛ ነን።"

ምንቸት አብሹ እየተንተከተከ ወጣ። ሽታው ሲደርሳቸው ቀድመው የበሉት ሁሉ ሳህን ይዘው ተመለሱ። የሙሽራዋ እናት ራሷ ከዘመዶቿ ጋር ቁጭ ብላ በላች።

መጨረሻ ላይ ዲና ከሚዛኑ ቀና ብላ "እትዬ፣ ከሃፍ በታች ወርዷል። ኔክስት ይርም እዚሁ ነዎት" አለቻት። አጸደ ገና ሳትመልስላት ጋሽ ዓብዩ ኮታቸውን ለብሰው ኩሽና ገቡ።

"እዚህ አገር ስንት ሠርግ በላሁ፤ ትኩስ ወጥ ግን ዛሬ ገና ቀመስኩ። እባክሽ ለነገ ትንሽ ቋጥሪልኝ።"

አጸደ ድስቱን አዘንብላ ባዶውን አሳየቻቸው።

"አለቀ፣ ጋሽዬ" አለች፤ ሳቋንም መቆጣጠር አቃታት።