ርስት፣ ጉልትና አንድ ብርጭቆ ውሃ

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰው ወረቀት ሲያነብ ኖሯል። ሚስቱ «እዚያው ተጎልተህ ቀረህ» ትለዋለች፤ እሱም «ጉልትም ከዚሁ ነው የወጣው» እያለ ያበሽቃታል።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ባለጉዳይ አያቱ የተዉለትን ያረጀ ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ አንዲት ቃል ይፈልጋል። ርስት የሚል ካገኘ ነገሩ አለቀ፤ ቃሉ ራሱ «ወረሰ» ከሚለው የወጣ ነውና መሬቱ ከአባት ለልጅ ይወርዳል። ጉልት ካለ ግን ለአያትየው የተሰጣቸው ከመሬቱ ግብር የመብላት መብት እንጂ መሬቱ አልነበረም፤ ሹመቱ ሲነሳ መብቱም አብሮ ሄዷል። ይህን አውቆ የሚመጣ የለም። ሁሉም «ርስቴ» እያለ ደረቱን ነፍቶ ነው የሚገባው።

አንዲት ሴትዮ ይህን ሰምታ ራሷን ስታ ከወደቀች ወዲህ ግን አንድ ልማድ አወጣ። ጉልት የሚል ካየ፣ አፉን ከመክፈቱ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ ይቀዳል። ውሃ የተቀዳለትን ባለጉዳይ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር «እግዜር ያጽናህ» ትለዋለች።

ጡረታ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ታላቅ ወንድሙ መጡ።

«የአባባን ወረቀት ከሣጥን ሥር አገኘሁት!» አሉ ገና ከበሩ። «ለአራቱም ልጆቼ እጣ አውጥቼ አካፍያቸዋለሁ። እዚያ የሰፈሩትን ስድስት አባወራዎችም ልቀቁ ብያቸዋለሁ።»

ሠራተኛው ወረቀቱን ተቀብሎ እያነበበ ሦስተኛው መስመር ላይ ደረሰ። ጉልት ይላል። አባታቸው ሊሞቱ ሲሉ የሁለቱንም እጅ ይዘው «ርስታችሁን አደራ» ያሏቸው ትዝ አለው። ዋሽተው ነው? ወይስ እሳቸውም አያውቁም ነበር?

«ምን ታፈጣለህ? ማኅተሙን ምታልኝ እንጂ!»

«ጋሼ፣ እስኪ ቁጭ ይበሉ።»

«ምን ያስቀምጠኛል? ይህን ጽሕፈት ከአንተ ሌላ የሚያነበው እንደሆነ የለም።»

እውነታቸውን ነው፤ የለም። ማኅተሙ ከእጁ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። እሱ ግን አልፎት ጆጉን አነሳ። በሩ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ ቀጥ አለች።

ሁለት ብርጭቆ ቀዳ። አንዱን ለወንድሙ አቀረበና ሌላውን ራሱ ጨለጠው።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው የምትጠጣው?» አሉ ወንድሙ ግራ ገብቷቸው።

«የእኔም አባት ነበሩ እኮ፣ ጋሼ።»