እትዬ ካርቶንና ሰሜኑ የጠፋበት ክሊኒክ

እትዬ ካርቶን ካርቶን አትጥልም። የጫማ ካርቶን፣ የፍሪጅ ካርቶን፣ የአዲስ ሸሚዝ አንገት ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ስስ ፕላስቲክ፣ የደረቀ የአበባ ጭራሮ፣ ሁሉም እሷ እጅ ከገባ ወይ ግድግዳ ይሆናል፣ ወይ መስኮት፣ ወይ ዛፍ። የምትሠራው አንድ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ደንበኞች ገና ያልተሠራ ቤታቸውን በትንሹ ተሠርቶ የሚያዩት እሷ ጠረጴዛ ላይ ነው። ታዲያ እነዚህ ደንበኞች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ባለሆቴሉ እየዞረ ያደነቀው ጣሪያ አምና የመዋለ ሕፃናት ወለል ነበር፤ ወለሉ ደግሞ ካቻምና የባንክ ግድግዳ ነበር። ባንኩስ ከምን ተሠራ ብለው ሲጠይቋት "ከጫማ ነዋ!" ትላለች፣ ሳትስቅ።

ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖራለች። ቢሮው ሲከፈት ሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ የዛሬው ሥራ አስኪያጅ፣ ያኔ ገና ከትምህርት የወጣ አርክቴክት፣ እና እሷ። እሱ ይነድፋል፣ እሷ በእጇ ታሰምራለች። በኋላ ኮምፒዩተር መጥቶ ማስመሩን ሲቀማት መቀስና ሙጫዋን ይዛ ምድር ቤት ካለችው ክፍል ገባችና ሞዴል ሠሪ ሆነች። በዕድሜ ስለምትበልጠው እሱ "እትዬ" ይላታል፤ እሷ ሰው ፊት "እርስዎ"፣ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ "አንተ" ትለዋለች። "ካርቶን" የሚለውን ያከሉባት የላይኛው ፎቅ ወጣት አርክቴክቶች ናቸው። አልተቀየመቻቸውም።

ነገር የመጣው ቢሮው አረንጓዴ ልሁን ያለ ጊዜ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከአንድ ስብሰባ እንደተመለሰ ሠራተኛውን ሰብስቦ "ከዛሬ ጀምሮ ይህ ቢሮ ለምድር ሸክም አይሆንም" አለ። ሐሳቡ ምን ይወጣለታል! አፈጻጸሙ ነው ጉድ የነበረው። በሳምንቱ "ወረቀት አናባክን" የሚል ማሳሰቢያ በሚያብረቀርቅ ወፍራም ወረቀት ታትሞ በየበሩ ተለጠፈ፤ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ እንዲያውም ሁለት። ባለሦስት ቀለም የቆሻሻ ቅርጫትም ተደረደረ፤ የትኛው ለምን እንደሆነ ስላልተነገረ ግን ሁሉም ለበሩ በሚቀርበው ውስጥ ይጥል ነበር። ከዚያ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ክፍል በክፍል እየዞረ መረመረና ከሁሉም የበለጠ ካርቶን የተከማቸው የት እንደሆነ ለይቶ ጻፈ።

የት ሊሆን ኖሯል!

"እትዬ፣ እንዳይከፋሽ" አላት ሥራ አስኪያጁ፣ ደፍሮ መግባት አቅቶት በሯ ላይ እንደቆመ። "አሁን እኮ ሁሉም ነገር ኮምፒዩተር ላይ ይታያል፤ ዛፉም ጥላውም። ክፍልሽ በወሩ መጨረሻ ትዘጋለች። አንቺን መዝገብ ቤት እናዛውርሻለን። ጸጥ ያለ ነው።"

"መቃብርም ጸጥ ያለ ነው" አለችው።

እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ሆድ ባሳት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቅዳጅ ያልጣለች ሴት አባካኝ ተብላ ከክፍሏ ልትወጣ! መዝገብ ቤት መግባት ሞት አይደለም፤ ግን እነዚህ እጆች እዚያ ገብተው ምን ሊሠሩ ነው? አቧራ ሊያራግፉ?

ክፍሏ ከመዘጋቷ በፊት አንድ የመጨረሻ ሥራ መጣላት። ሥራ አስኪያጁ ራሱ የነደፈው ባለ አንድ ፎቅ ክሊኒክ ነው፤ የቢሮው የመጀመሪያ አረንጓዴ ሕንፃ። ማቀዝቀዣ ማሽን የሚባል ነገር የለበትም። ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል ያለው ግድግዳ ሙቀት እንዳያስገባ ከዳር እስከ ዳር በእንጨት ርብራብ ተሸፍኗል። በመንገዱ በኩል ደግሞ በሽተኞች ተራ የሚጠብቁበት ሰፊ ክፍል አለ፤ ፊቱ በሙሉ መስታወት ነው። ኮምፒዩተር ላይ ሲታይ ልብ ይሰርቃል። ሞዴሉ የተፈለገው ደንበኛው መግቢያው ላይ እንዲያስቀምጠው ያህል ነበር፣ ለጌጥ።

እትዬ ካርቶን ደግሞ አንድ ልማድ አላት። ማጣበቅ ከመጀመሯ በፊት ፕላኑን ጠቅልላ ሕንፃው የሚሠራበት ባዶ ቦታ ድረስ ትሄዳለች። መሬት ላይ ትዘረጋዋለች፣ ነፋስ እንዳይወስድባት አራቱን ጫፍ በድንጋይ ትይዘዋለች፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ያለው መንገድ ከእውነተኛው መንገድ ጋር እስኪገጥም ታዞረዋለች። የሚያያት መንገደኛ ቁልፍ የጠፋት ይመስለዋል። ያን ቀንም ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር የሆነው ባለቤቷ በአሮጌ መኪናቸው አደረሳትና ሬዲዮውን ከፍቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ነበር። ፕላኑን ዘረጋች፣ አዞረች፣ ቀና ስትል ፀሐይ ዓይኗን ወጋት።

ፀሐይዋ ያለችው ከመንገዱ ማዶ ነው፣ መስታወቱ ፊት ለፊት። ወረቀቱ ላይ ያለው ያ ሁሉ ርብራብ ደግሞ በግራ በኩል፣ ፀሐይ ዞር ብላ በማታየው ቦታ፣ ከጎረቤት ግንብ ጋር ተፋጧል።

ነገሩ ወዲያው ገባት። በዚህ ቢሮ መንገድ ሁልጊዜ የሚሳለው ከወረቀቱ ግርጌ ነው፤ "ደንበኛ በሩን ከታች ካላየ ግራ ይገባዋል" ብሎ ሥራ አስኪያጁ ያወጣው ሕግ ነው። ሰሜን የቱ እንደሆነ የምታሳየው ቀስት ደግሞ ለሁሉም ሥራ ከሚያገለግለው የወረቀቱ ክፈፍ ጋር አብራ የተሳለች ናት፣ ሁልጊዜ ወደ ላይ። እንግዲህ እንደ ቦታው ሁኔታ ቀስቷን ማዞር ያስፈልጋል። ማንም አላዞራትም። ኮምፒዩተርም የዋህ ነው፤ የነገሩትን አምኖ ፀሐይዋን በግራ በኩል አጠለቃት። ክሊኒኩ እንደተሳለ ከተሠራ፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ትኩሳታም ሁሉ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ ይጠበሳል።

"ምን ሆነሻል?" አላት ባለቤቷ መኪና ውስጥ ስትገባ። ነገረችው።

"ተያቸው" አለ። "ከክፍልሽ ሊያስወጡሽ አይደል? ይሥሩትና ይዩት!"

"እነሱ መች ሊያዩት? የሚጠበሰው በሽተኛው ነው።"

"እንግዲያው ደንበኛው ፊት ተናገሪ። ይዋረድ!"

ይህችኛዋ ሐሳብ ደስ አላሰኘቻትም አይባልም። እስከ ቤት ድረስ ስታጣጥማት ሄደች። ግን ገና ፂም ሳያበቅል ጀምሮ የምታውቀውን ሰው በሰው ፊት ማዋረድ አንጀቷ እንቢ አላት። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ የቀስቷ ነገር ሲነሣ እሷም የምትፈራው ነገር ነበራት።

ሞዴሉን እንደተሳለው፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ሠራችው። በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁን "ና፣ አንድ ቦታ ደርሰን እንምጣ" አለችው። ባለቤቷ እየነዳ፣ እሱ ከፊት፣ እሷ ሞዴሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ከኋላ ሆነው ዐሥር ሰዓት ላይ ደረሱ። ሞዴሉን የመኪናው ኮፈን ላይ አስቀመጠችው፤ ከመንገዱ ጋር እስኪገጥም ቀስ ብላ አዞረችው፤ ከዚያ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

ፀሐይዋ በመስታወቱ ገብታ መጠበቂያ ክፍሉን ሞላችው። ከካርቶን የተቆረጡት ትናንሽ በሽተኞች ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ቦግ አሉ። ርብራቡ ሥራ ፈቶ ጥላ ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ሥራ አስኪያጁ ሞዴሉን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ እንደገና ሞዴሉን አየ። ቆሌው ተገፈፈ።

"ቀስቷ" አለ በመጨረሻ።

"አዎ፣ ቀስቷ።"

"ማነው ወደ ላይ አድርጎ የተዋት?"

"እኔ ነኝ" አለች። "የመጀመሪያውን ክፈፍ የሳልኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ቤት ሰሜኑ እውነትም ወደ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ለየሥራው በእጄ አዞራት ነበር። ልጆቹ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲያስገቧት እንዳለች ቸነከሯት። ያኔ መናገር ነበረብኝ፤ ማስመሩን ቀማችሁኝ ብዬ አኩርፌ ዝም አልኩ።"

ባለቤቷ ሬዲዮውን ዘጋው።

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። "ኮምፒዩተር ከገባ እኮ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው! ያ ሁሉ ሕንፃ... ትምህርት ቤቱ? ቤተ መጻሕፍቱ? ሁሉም ዞረው ነው የቆሙት?"

"አይ፣ እነሱ ደህና ናቸው።"

"እንዴት ሆነው?"

"እየሄድኩ አይ የለ እንዴ! የዞረውን በእርሳስ አስተካክዬ ለልጆቹ እመልስላቸዋለሁ፤ እነሱም ያርሙታል። ይሄኛው ግን መጀመሪያ እኔ ጋ አልመጣም፤ ቀጥታ ኮምፒዩተር ላይ ወጣ።"

"ስንት ጊዜ ሆነ እንዲህ ስታስተካክዪ?"

"አልቆጠርኩም።"

ሥራ አስኪያጁ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይዋ አዙሮ። ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ብዙ ቆየ።

ክሊኒኩ ታረመ። ርብራቡ ወደ መንገዱ ዞረ፤ ቀስቷም ከክፈፉ ተነቅላ ወጣች። ስለ ክፍሏ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም፤ እሷም ልጠይቅ አላለችም። አጥፍቻለሁ ብላ በአፏ የተናገረች ሰው ምን ብላ ትጠይቃለች? ወሩ አለቀ። በመጨረሻው ቀን ጠዋት መቀሶቿን በጨርቅ ጠቅልላ፣ የሙጫውን ክዳን አጥብቃ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ መዝገብ ቤት የሚያደርሳትን ሰው ስትጠብቅ በሩ ተንኳኳ። ሥራ አስኪያጁ ነው። ብብቱ ሥር የያዘውን ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋው። ከአንድ መንገድና ከባዶ መሬት በቀር ምንም አልተሳለበትም።

"አዲስ ሥራ ነው፣ እትዬ" አላት። "ገና እርሳስ አላነሣሁም። መጀመሪያ ሄደን ቦታውን አሳዪኝ።"

ክፍልሽ ልትዘጋ ነው ሲሏት ያላለቀሰችው ሴት ይሄኔ አለቀሰች።