የሁለተኛው ክፍል ካሴት

ፍሪዘር ውስጥ ተዘግቶብኝ የልጆቹ ሩጫ ሲርቅ ስሰማ ነው እንደምሞት የገባኝ።

ዛሬ ልጄ ስልኳን ይዛ «እማ፣ የዚያ የድሮ የጠፈር ፊልም ሦስተኛው ክፍል ሊወጣ ነው!» ስትል ያ ብርድ ጀርባዬ ላይ መጣ።

ያደግኩት ሪያድ፣ ራውዳ የሚባል ሰፈር፣ እናቴ በቤት ሠራተኝነት በምትሠራበት ቤት ነው። የአሠሪዋ የመዳም ልጆች፣ ፋሀድና ማጂድ፣ ሰዎች በረዶ ሣጥን ውስጥ ተኝተው ሩቅ ኮከብ የሚሄዱበት ፊልም ነበራቸው። የሁለተኛውን ክፍል ካሴት አጎታቸው ከባህሬን እስኪያመጣ ሲጠብቁ ዓመት አለፋቸው። እስከዚያው ፊልሙን በእኔ ይጫወቱታል፤ ሁልጊዜ የምተኛው እኔ ነኝ።

ያን ቀን ፋሀድ «ያላ፣ ግቢ! ኮከቡ ጋ ስንደርስ እንቀሰቅስሻለን» አለኝ። ፍሪዘሩ ውስጥ ሥጋው ላይ አስተኝተው ዘጉብኝና ክዳኑ ላይ የሩዝ ጆንያ ጫኑበት። ወዲያው ከደጅ «ካሴቱ መጣ!» ሲባል ትተውኝ ሮጡ።

አልጮህኩም። እማዬ «ኢቃማ የሌለው ሰው አይጮህም» ትለኝ ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ መሆኑን መች አውቄ፤ ሰው ሲወለድ የሚሰጠው የድምፅ ዓይነት ይመስለኝ ነበር። ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ትንፋሼ አጠረ።

ክዳኑ ተከፈተ። እማዬ ለእንግዳው አጎት ካብሳ የሚባለውን ሩዝ በሥጋ ልትሠራ፣ ሥጋ ልታወጣ መጥታ ነው። ጎትታ አወጣችኝና አፌን በመዳፏ ግጥም አድርጋ ያዘችው።

«መዳም እንዳትሰማሽ! ሁለታችንንም ታባርረናለች።»

ከሳሎን የልጆቹ ጭብጨባ ይሰማል። እማዬ ምድጃው ሥር አስቀመጠችኝና ሥጋውን ወደ ድስቱ ጨመረች። እግሯን አቅፌ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ሞቆኛል እማዬ፤ ደህና ነኝ» አልኳት።