መጋረጃው የመለሰ ዕለት

ጋሽ ታፈሰ አባባ ወልዴን በደላቸው፤ የበደላቸውም በእኔ አፍ ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ ጅጅጋ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ እኔ፣ ጎረቤታችን ሆዳንና ታናሽ ወንድሟ ልብስ ሰፊው አባባ ወልዴ ቤት እንሰበሰብ ነበር። የካውያቸው ፍም እየተንጣጣ፣ የኩራዙ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ መርፌያቸውን ሳያስቀምጡ ተረት ያወሩልናል። «ተረት ተረት» ሲሉ ሁላችንም «የላም በረት» ካላልን አይቀጥሉም፤ ዝም ያለ ልጅ ካለ እስኪመልስ ይጠብቁታል። ሆዳን በሶማሊኛዋ ቃና ስትመልስ ይስቁና ላሟን ግመል አደረግሻት ይሏታል።

ግቢያችን ውስጥ ተከራይቶ የሚኖረው ጋሽ ታፈሰ የቢሮ ጸሐፊ ነኝ ይል ነበር። ስመለስ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ የሰማሁትን ተረት ያስደግመኛል፤ ማን ማን እንደነበረም ይጠይቀኛል፤ ጥሩ አድርጌ ከነገርኩት ከረሜላ አለ። ያኔ ተረት የሚወድ ሰው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ምሽት አባባ ወልዴ «ተረት ተረት» ሲሉ ሦስታችን መለስን፤ ከመጋረጃው ጀርባም አንድ ጎርናና ድምፅ አብሮን መለሰ። መርፌው ቆመ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ተረቱን ቀጠሉ። ከደገሀቡር ጦር ሰፈር ከድቶ የጠፋው ልጃቸው እዚያ ተደብቆ ኖሯል፤ በዚያው ተረት ስላደገ አፉ ቀደመው። እኔ ምን አውቄ፣ መጋረጃው ተረት መለሰ ብዬ እየሳቅሁ ለጋሽ ታፈሰ ነገርኩት። የዚያን ዕለት የተረቱን መጨረሻ ሳይጠይቀኝ ሁለት ከረሜላ አስጨብጦኝ ወጣ።

ሊነጋጋ ሲል ወታደሮች ልጁን ወሰዱት፤ አልተመለሰም። አባባ ወልዴ ማን እንደተናገረ አልጠየቁንም፤ በራቸውን ግን ጀምበር ሳትጠልቅ መዝጋት ጀመሩ።

በኋላ ፊደል በራሴ ለይቼ ባነበብኳቸው መጻሕፍት ውስጥ ሰላይ ሁሉ ኮት ለብሶ ድንበር ይሻገራል። እኔ የማውቀው ሰላይ በረንዳ ላይ ከረሜላ ይልጣል። ጦርነት የገባበት ከተማ ጆሮ ጠቢ አያስፈልገውም አልልም። የሚሰልል ግን በገዛ ጆሮው ይሰልል፤ ኃጢአቱን ለልጅ አሸክሞ እሱ እንቅልፉን አይተኛ።

ደርግ የወደቀ ሰሞን ጋሽ ታፈሰን ሻንጣውን ይዞ የድሬዳዋ መኪና ሲጠብቅ መናኸሪያ አገኘሁት። አባባ ወልዴ ልጃቸውን እንደጠበቁ መሞታቸውን ነገርኩት።

«እኔ ሥራዬን ነው የሠራሁት» አለኝ። «ደግሞስ ማን አስገደደሽ? እየሳቅሽ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ።»

ሰው እየሰማን ነበር፤ ድምፄን አልቀነስኩም።

«አዎ፣ የነገርኩዎት እኔ ነኝ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የእርስዎስ ዕድሜ ስንት ነበር?»