የአጎቴ ብብት

አጎቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። የዚህ ሙያ ክፋቱ፣ ክንድ በተነሳ ቁጥር ብብት ከደንበኛ አፍንጫ ፊት መቅረቡ ነው። አጎቴ ደግሞ ቁጭ ብሎ እንኳ የሚያልበው ሰው ነው። አንድ ቀን የድሮ ደንበኛው የሆኑት ጡረተኛ መምህር ፀጉራቸው ተቆርጦ ሳያልቅ ከብብቱ ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ወዲያ ተመልሰው አልመጡም።

ነገሩ ከነከነው። ከዚያ ወዲህ ክርኑን ከጎኑ አጣብቆ መሥራት ጀመረ። እኔንም እንደዚያ ሆኖ አስተካክሎኝ ከግራ ጆሮዬ በላይ ደረጃ ሠርቶልኛል። ላኮርፈው አስቤ ፊቱን ሳየው ተውኩት። ወንበሩን ሸጦ ሙያውን ሊተው እንደሆነ ነገረኝ። እጁ ሥራ ከፈታ ሰውየውም እንደማይበረክት ስለማውቅ ፈራሁለት።

ላብ የሚቀንስ ቅባት በየጠዋቱ ይቀባ ነበር፤ ጠብ የሚል ለውጥ ግን የለም። ፋርማሲ የምትሠራው ልጁ አንድ ጠዋት መስተዋት ፊት ደረሰችበት። ብብቱን በምላጭ ሙልጭ አድርጎ፣ ውሃ ረጭቶ፣ ቅባቱን በመዳፉ ጧ ጧ ያደርገዋል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ስትጠይቀው፣ ጢም ሲላጭም ያው ነው አላት። የሙያ ነገር፣ ምን ይደረግ!

ሳቋን ውጣ አስረዳችው። ቅባቱ ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም ጨው፣ ላብ በሚወጣባት ቀጭን ቱቦ አፍ ላይ ካለችው ጥቂት ላብ ጋር ተዋህዶ ይረጋና እንደ ቡሽ ይወትፋታል። ለጊዜው ነው፤ ከቀናት በኋላ ይለቃል። እርጥብ ቆዳ ላይ ሲሆን ግን ሳይረጋ ታጥቦ ይሄዳል፤ የተላጨ ቆዳን ደግሞ ያቃጥላል።

«አባዬ፣ ማታ ስትተኛ በደረቁ ተቀባው» አለችው። «ሌሊት ላብ ቀነስ ስለሚል ቅባቱ ሳይታጠብ ይረጋል። ምላጩን ለሰው ጢም ተውለት።»

ላቡ ጨርሶ አልቆመም። ግን ሸሚዙ ደረቅ መዋል ጀመረ፤ ክርኑም እየፈራ እየፈራ ከጎኑ ተላቀቀ። መምህሩን ቤታቸው ድረስ ሄጄ የለመንኳቸው እኔ ነኝ፤ እያጉረመረሙ መጡ። አጎቴ ሲያያቸው ቀለሙ ተለወጠ። ፎጣውን አልብሷቸው ትንሽ ቆመና ክንዱን በፊታቸው አሻግሮ አነሳ። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ።

መምህሩ ብዙም ሳይቆዩ ማንኮራፋት ጀመሩ።

አጎቴ መቀሱን እንደያዘ ወደ እኛ ወደ ተራ ጠባቂዎቹ ዞረ።

«ዝም በሉ እስቲ» አለን በሹክሹክታ፣ «ይተኙበት።»