የአስናቀችን ምስክርነት አቋርጬ የወጣሁ ዕለት

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ እኔም የተደረገልኝን ልናገር ቆሜያለሁ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ እስክጨርስ ማንም እንዳይወጣ። ለምን እንዳልኩ ኋላ ይገባችኋል።

እዚሁ ቴፒ ቡና ስለቅም፣ የቅርጫቱ ገመድ የሚያርፍበት አንገቴ ላይ ትንሽ ትርፍ ሥጋ ተንጠልጥላ ነበር። ገመዱ ሲፈትጋት ትቀላለች፣ ታቃጥለኛለች። አብራኝ የምትለቅመው አስናቀችም እንደኔው ነበረባት። ለሁለታችንም ተጸለየልን። ታዲያ አንድ እሁድ አስናቀች እዚህ ቆማ፣ «ጌታ ሰማኝ፤ ያቺ ሥጋ ዛሬ የለችም!» አለች። እናንተ ሃሌ ሉያ አላችሁ፤ እኔ አላልኩም። ቀናሁ ወገኖቼ! አንጀቴ አረረ። «ጾሙን እኔ ጾምኩ፣ የጸሎት ቤቱን ወንበር እኔ ወለወልኩ፣ ጌታ ግን እሷን አየ» ብዬ ሳትጨርስ ጥያት ወጣሁ።

ቤት ገብቼ አማቴ ከማጂ ያመጡትን የዝንብ ማባረሪያ ጭራ ከግድግዳ አወረድኩ። ከጭራው አንድ የፈረስ ፀጉር ነቅዬ ሥጋዋን ጥብቅ አድርጌ አሰርኳት። ስትወድቅ «በጸሎት ወደቀች» ልላችሁ ነበር። አዎ፣ እዚህ ቆሜ ልዋሽ! የምለብሰውን ነጠላ ሳይቀር መርጬ ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

በአራተኛው ቀን ጠቆረች፣ መግል ያዘች፣ አንገቴ አብጦ መዞር አቃተኝ። ማን ደረሰልኝ? አስናቀች! «ተነሺ እቴ» ብላ ደግፋ ሚዛን ከተማ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ደስ አለኝ? ምንም። «ጤነኛ አንገቷን ልታሳየኝ ነው» አልኩ በሆዴ።

ሐኪሙ ፀጉሩን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። «እህቴ፣ ይቺ እኮ ክፉ ነገር አልነበረችም፤ ስትፈተግ ነው የምትቆጣው። ብትመጪ አደንዝዘን ቶሎ እናነሳት ነበር» አለኝ። ፀጉሩን ፈቶ ቁስሉን አጠበ፣ መድኃኒት ሰጠኝ። መግሉ ሲደርቅ ተመልሼ ሄድኩና ሥጋዋን አነሳልኝ፤ እጄን የያዘችኝ አስናቀች ናት። ያን ጊዜ ወደ እሷ ዞሮ፣ «ያንቺውስ ደህና ሆነልሽ?» አላት።

ክው አልኩ። «አንቺም እዚህ ነው ያስነሳሽው?»

«ተናግሬ የለ እንዴ! ጌታ በሐኪም እጅ ፈወሰኝ፣ ያለባችሁም ሂዱ ብዬ እኮ ነው የጨረስኩት። ላንቺ ብዬ ነበር፤ ዞር ብዬ ስፈልግሽ አጣሁሽ።»

አለቀስኩ ወገኖቼ። ጌታ የጸሎቴን መልስ በአስናቀች አፍ ሲልክልኝ እኔ በቅናት ደጅ ወጥቻለሁ።

ክብር ለስሙ ይሁን! አንገቴ ድኗል። ቅናቱ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ አስናቀች ስትመሰገን ዛሬም ቆንጠጥ ያደርገኛል። ግን ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አዳምጣታለሁ። እናንተም በእርሱ ታመኑ፤ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነገር ያለባችሁ ደግሞ ነገ ሂዱ።

በሉ ጨርሻለሁ፤ አሁን መውጣት ይቻላል።